አፌን መዝጋት የተማርኩበት የቢቸናና የሞጣ ጉዞ

ይህ ጉዞ የተደረገው መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ ነው። ያኔ ከአዲስ አበባ ቢቸና ለመድረስ በጠዋት መነሳትና ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። እህቴ ስትደውል «ሰላም ናችሁ?» የምላት እንደ ድሮው ለወጉ ሳይሆን እውነት ለማወቅ ፈልጌ ሆኗል። ስለዚህ ቢቸናንም ሞጣንም ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ ሰዎች ያን ሳምንት እንደነበረ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። አስቀድሜ ልናዘዝ፤ ስለ ታሪካዊ ቦታ እምብዛም የምለው የለኝም። አብዛኛው ስለ ልጄና ስለ አፌ ነው።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ልጄ ቤዛ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከትምህርት ሁሉ የምትፈራው ደግሞ ሒሳብን ነው። የሰውን ልጅ ሳስተምር እውላለሁ፣ ማታ የራሴን ልጅ ደብተር ዘርግቼ ስቀመጥ ግን «ሆዴን አመመኝ» ትለኛለች። መጀመሪያ ወተቱ ነው ብለን ወተት ከለከልናት። ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ ምንም የለባትም ተባልን። አንድ ቀን እናቷ «ልጅቱን የሚያማት አንተ ስትገባ ነው» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄ የፈራችው ቁጥርን ብቻ አይደለም፣ እኔንም ነው። ይህ እንዴት እንደሚያንገበግብ አባት የሆነ ያውቀዋል።

የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሲመጣ ይዣት ወደ ሀገሬ ልሂድ አልኩ። ታላቅ እህቴ ቢቸና ትኖራለች፤ እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው። የቤዛ እናት ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ስላላገኘች እኛን ብቻ ሸኘችን። «ካርዶቹን ግን ተዋቸው» አለችኝ በር ላይ። የማባዛት ካርዶች ናቸው፤ በገዛ እጄ ቆርጬ የጻፍኳቸው። «እሺ» አልኩና ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስን። ሻንጣችን አውቶቡሱ ጣራ ላይ ወጣ፤ እኛ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ሱሉልታን ስናልፍ የከተማው ጭስ ለቀቀንና ሜዳው ተዘረጋ። ቤዛ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ፈረሶቹን ታያለች። እኔ ምን አደረግሁ? «አውቶቡሱ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ቢሄድ...» ብዬ ጀመርኩ። ከመስኮቱ ዘወር አላለችም፤ ትከሻዋ ግን ሲሰበሰብ አየሁት።

ፍቼ ላይ ፍርፍር በላን። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ ቁልቁለት ስንገባ ጠመዝማዛው ልጄን አዞራት፤ የበላችውን ሁሉ በላስቲክ ውስጥ መለሰችው። እኔ ደግሞ እንድትረሳው ብዬ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ስንት ሜትር እንደምንወርድ ማስረዳት ያዝኩ። ከፊታችን የተቀመጡ እናት ዞር አሉና ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ሎሚ ፈትተው፣ በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው ለቤዛ ሰጧት።

«አሽትቺው የኔ እናት» አሏት። ቀጥለው ወደ እኔ አዩና «እርስዎ ደግሞ ይተዉአት እስቲ፣ ትተንፍስ» አሉኝ።

ደጀን ላይ ወርደን ወደ ቢቸና የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። ጥቂት እንደተጓዝን ሻንጣችን ትዝ አለኝ። አውቶቡሱ እሱን ጣራው ላይ እንደ ጫነ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዷል! አዲስ አበባ ቢሆን ሻንጣዬን እዚያው በልቤ ቀብሬው ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ግን ስልኩን አወጣ፣ አንዱን ጠራ፣ ያም ሌላውን ጠራ፤ በመጨረሻም «ሻንጣው ይመጣል፤ እርስዎ አያስቡ» አለኝ። ማን እንደሚያመጣው፣ መቼ እንደሚያመጣው አልነገረኝም።

ቢቸና ስንደርስ እህቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። እኔ የማውቃት «እታለም» በሚል ስም ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። ቤዛን አገላብጣ ሳመቻት። ማታ ዶሮ ቀረበልን። የእህቴ ባል አያ ምንይችል የራሳቸውን ጋቢ አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ፤ ሻንጣው እስኪመጣ ያን ጋቢ ለብሼ ከረምኩ። አያ ምንይችልን አንድ ነገር ብቻ አስደነገጣቸው፤ ቤዛ እኔን «አንተ» ማለቷ። በእነሱ ቤት ልጅ አባቱን «አንቱ» ይላል። ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም ወደ ወጡ አቀረቀርኩ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እታለም ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። እኔም ሰው ሁሉ ዘና ባለበት ሰዓት ካርዶቼን ከኪሴ አወጣሁ።

«ሰባት ጊዜ ስምንት?»

ቤዛ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። «ሆዴን አመመኝ፣ አባዬ።»

እታለም መልቀሙን ተወች። «ምን አበላሃት?»

«ምንም አላበላኋትም። ጥያቄ ነው የጠየቅኋት።»

እህቴ ወደ ልጄ ዞረች። «ነይ እስቲ የኔ ዓለም፣ ይህን ሰፌድ ያዥልኝ፤ እጄ ዛለ።» እጇ እንዳልዛለ እኔም አውቃለሁ። ቤዛ ሄዳ የሰፌዱን አንድ ጎን ያዘች። ትንሽ ቆይታ ጠጠር አገኘች፣ ትንሽ ቆይታ የተበላ ምስር አገኘች፤ ጠጠሩን ለብቻ፣ የተበላውን ለብቻ፣ ግማሹን ደግሞ ለብቻ መደርደር ያዘች። ሆዷ የት እንደደረሰ እንጃ።

«አባባ አንተን እንዲህ ሲያደርጉህ አላየሁም» አለችኝ እታለም፣ ልጅቱ ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ።

«አባባ ሒሳብ መች ያውቁና» አልኩ። እህቴ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

እውነትም አባቴ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት አልነበራቸውም። ሞጣ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳቸው ላይ እቀመጣለሁ። «አጥና» ብለውኝ አያውቁም፤ «ስንት አመጣህ?» ብለውም አልጠየቁኝም። የሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ና እስቲ ይህን ያዝልኝ።» ሜትር እይዛለሁ፣ ጠመኔ እይዛለሁ፣ የጨርቁን ጫፍ እይዛለሁ። ይዤ ስቆም ስቆም ግማሹን ከሩቡ፣ ወርዱን ከቁመቱ ለየሁ፤ መቼ እንደለየሁ ግን ዛሬም አላውቀውም። ያ በረንዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። የስፌት መኪናው ድምፅ፣ የካውያው ሽታ፣ የአባቴ ሳል። ያን እሑድ እህቴ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁሉም ናፈቀኝ።

ሰኞ

አያ ምንይችል ታላቅ ወንድማቸው ጤፍ ስለሚወቁ እንሂድ አሉን። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ በእግር ሄድን። ቤዛ አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ሱቅ ለመሄድ የምታማርር ልጅ፣ ያን ቀን ሜዳው ላይ እየሮጠች ቀደመችን። በምዕራብ በኩል ጮቄ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል።

አውድማው ላይ ስንደርስ በሬዎቹ ዙረታቸውን ጨርሰው ቆመዋል፤ ሰዎቹ እየዘፈኑ በላይዳ፣ ማለትም በእንጨት አካፋ፣ ጤፉን ወደ ላይ እየወረወሩ ከገለባው ይለያሉ። ምርቱ መሐል ላይ ተቆልሏል፤ የሞሉ ጆንያዎችም ዳር ላይ ተደርድረዋል። ጠላ ተሰጠኝ፣ ንፍሮ ተሰጠኝ፣ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ማስተማር ያምረኛል።

«ቤዝዬ!» አልኩ ሁሉም እንዲሰማ። «እነዚያ ጆንያዎች ስንት ናቸው? ቁጠሪያቸው እስቲ!»

ሰው ሁሉ አያት፤ እምቢ ማለት ከበዳት። ጣቷን ቀስራ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» አለች።

ዘፈኑ ቆመ። ሰዎቹ ላይዳቸውን መሬት አስደገፉ። ልጄ አምስት ላይ ስትደርስ ከበሬዎቹ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

እኔ እዚሁ ሀገር ተወልጄ እንዴት ረሳሁት! አውድማ ላይ ምርት አይቆጠርም። እህሉ ጎተራ እስኪገባ ድረስ «ስንት ሆነ?» አይባልም፣ በጣትም አይጠቆምም፤ በረከቱ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። ይህን የማያውቅ የአራት ዓመት ልጅ እንኳ በዚያ አካባቢ የለም። ያላወቀው የሒሳብ መምህሩ ብቻ ነው።

ቤዛ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየችና ወደ እኔ ዞረች። «ተሳሳትኩ?» አለችኝ። እጇ ሆዷ ላይ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ልጄ አምስት ጆንያ በትክክል ቆጥራ፣ አምስትን እንኳ መቁጠር ያቃታት መሰላት።

የእህሉ ባለቤት፣ የአያ ምንይችል ወንድም፣ አማትበው ከምርቱ አንድ እፍኝ ዘገኑና «አምላኬ ባርከው» ብለው መልሰው አፈሰሱት። አንድም ሰው አልተቆጣም። አያ ምንይችል መጥተው ልጄ ፊት ቁጢጥ አሉ።

«አልተሳሳትሽም የኔ ልጅ። አምስቱም አምስት ናቸው። የተሳሳተው አባትሽ ነው፤ ከተማ ልቡን ወስዶበታል።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤዛ ብቻ አልሳቀችም።

«በይ አሁን ነይ፣ ነፋሱን ያዥልኝ» አሏት።

«ነፋስ ይያዛል እንዴ?»

«እዚህ ይያዛል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ የሚወደው ለስላሳ ነፋስ ነው። ነፋሱ ከበረታ ፍሬውም ከገለባው ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ትልቁ ነፋስ ሲመጣ አይቶ የሚጮህ ሰው ያስፈልጋል፤ ሲጮህ ላይዳው ሁሉ ይቆማል። ያን ሥራ ለልጄ ሰጧት። እንዴት እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገራትም።

የመጀመሪያው ነፋስ መጥቶ ካለፈ በኋላ ነው የጮኸችው። ጤፉ በኖ ገለባው ላይ ተዘራ። ሴቶቹ ዝም ብለው ጠረጉት። እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ «ቤዛ፣ ቀደም ብለሽ...» ስል አያ ምንይችል ዞር እንኳ ሳይሉ «ደሳለኝ፣ ጠላህን ጠጣ» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ጠላዬን ጠጣሁ።

ሁለተኛውም አመለጣት። ከሦስተኛው በኋላ ዞር ዞር ብላ ማየት ጀመረች። ከእኛ ራቅ ብሎ፣ ኮረብታው ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባሕር ዛፍ አለ። ነፋሱ እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት የዛፎቹ ጫፍ ይወዛወዛል። ይህን ማን ነገራት? ማንም። ዛፎቹ ሲነቃነቁ «መጣ!» ብላ ጮኸች። ላይዳው ቆመ። ነፋሱ ግን ገና ነበር፤ ሰዎቹ ቆመው ጠበቁ። ይህንንም አልወደደችውም። ከዚያ በኋላ ዛፎቹ ሲወዛወዙ ዝም ትላለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ጣቶቿ አንድ በአንድ ይታጠፋሉ። ልክ ነፋሱ ሊደርስ ሲል «መጣ!» ትላለች፤ ላይዳው ሲቆምና ነፋሱ ሲደርስ አንድ ይሆናል። ሰዎቹ «እሰይ!» አሉ፤ ዘፈኑም ተመለሰ።

እየቆጠረች ነው! ልጄ ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳያስፈራራት እየቆጠረች ነው። «ስንት ላይ ይደርሳል?» ልላት ምላሴ አሳከከኝ። ጠላው ባይኖር ኖሮ እላት ነበር።

ስንመለስ ከአያ ምንይችል ጋር ከፊት ከፊት ትሄዳለች። «ነፋስ መቁጠርስ ነውር ነው?» ስትላቸው ሰማሁ።

«ነፋስማ የኛ አይደለም፤ ቁጠሪው።»

«እንግዲያው ዛፉ ከተነቃነቀ በኋላ አሥራ ሰባት ድረስ ነው። አንዳንዴ አሥራ አምስት፣ ሲበረታ።»

«እኔ ይህን አላውቅም ነበር» አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን አውድማ ላይ የኖሩት ሰው። ዕውነታቸውን ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ ከኋላቸው ጋቢዬን አጣፍቼ እየሄድኩ ነበር። ቀናሁ። በአማቼ ቀናሁ። ያን አሥራ ሰባት ለእኔ አልነገረችኝምና።

ማክሰኞ

እግራችን ዝሎ ቤት ዋልን። ረፋዱ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ሻንጣችንን ተሸክሞ መጣ። ከደብረ ማርቆስ የመጣ ነጋዴ ሰጠው፣ ለነጋዴውም ሌላ ሰው ሰጥቶት ነበር፤ ሦስት እጅ አልፎ አንድ ካልሲ ሳይጎድል ደረሰ። ቁጭ ብለህ ብላ ብንለው ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ካርዶቼን ግን አጣኋቸው። ኮቴን አራገፍኩ፣ አልጋውን ገለበጥኩ። በመጨረሻ እታለምን ጠየቅኋት።

«ያ ጠንከር ያለው ወረቀት? እሳት ያቀጣጠልኩበት ነው» አለችኝ። «ደግ ይነዳል።»

የስንት ቀን ሥራዬ ነው ብዬ አዘንኩባት። ይቅርታም አላለችኝም።

ረቡዕ

ወደ ሞጣ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ደብረ ወርቅን አለፍን፣ ጉንደ ወይንን አለፍን። አቧራው በተዘጋው መስኮት ሳይቀር ይገባል። ቤዛ ጠመዝማዛው ላይ የተሰጣትን ሎሚ ጨርሳው ነበርና አጠገቧ የተቀመጠች ተማሪ ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ አካፈለቻት። እኔ ምንም ሒሳብ አልጠየቅሁም፤ ካርድም የለኝ።

ሞጣ ስንደርስ ልጅነቴን ፈለግሁት። መንገዱ ሰፍቷል፣ ፎቆች በቅለዋል፣ ባጃጁ ይርመሰመሳል። ጊዮርጊስ ብቻ በቦታው ነው። ያደርንበት ማረፊያ ቤት ውኃ ጠፍቶበት ነበር፤ ባለቤቲቱ «ልጅ ይዛችሁማ እንዴት ትተኛላችሁ» ብላ ከራሷ ቤት በጄሪካን የሞቀ ውኃ አመጣችልን። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ ቢጠፋ የሚመጣልህ ማስታወቂያ ነው። ሽሮ በልተን በጊዜ ተኛን።

ሐሙስ

የአባቴን ሱቅ ላሳያት ወሰድኳት። ስልክ መጠገኛ ሆኗል። በረንዳው በሲሚንቶ ተዘግቶ መስታወት ገብቶለታል። ቆሜ አየሁት፤ ቤዛ እጄን ይዛ «ይሄ ነው?» አለችኝ። «ይሄ ነበር» አልኳት። ሆድ ባሰኝ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ አዛውንት የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ መነጽራቸውን በክር አስረውታል። ቀና ብለው አዩኝ። «የአያ ተሰማ ልጅ!» አሉ። ጋሽ አስማማው ናቸው፤ ከአባቴ ሥር ተለማማጅ የነበሩ፣ አሁን ራሳቸው የሸበቱ። አቅፈው ሳሙኝ፣ ቤዛን ሳሟት፣ በርጩማ አወጡልን። ባለቤታቸው ቤዛን አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ሊያሳዩአት ወደ ጓሮ ወሰዷት።

«ልጅቱ እንዳንተ የቁጥር ሰው ናት?» አሉኝ።

«ወዴት! ትፈራለች» አልኩ። «እኔ በእሷ ዕድሜ እዚያ በረንዳ ላይ ለአባቴ ልኬት እይዝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳትኩም።»

ጋሽ አስማማው የመኪናውን መርገጫ አቆሙ። «ማን? አንተ?» ሳቃቸው ሳል ሆነ። «አንተማ ሦስትን ከስምንት አትለይም ነበር! አንተ ለክተህ ልትጫወት ስትሄድ አባትህ ደንበኛውን እንደገና ይለኩታል። ልማዳቸው ነበር። አላወቅህም?»

አላወቅሁም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሳይለኩ ቀሩ። ከገጠር የመጣ ሙሽራ ነበር፤ ቸኩሎ ሄደባቸው። አንተ ያልከውን አምነው ቆረጡት። ሲመጣ ሱሪው ስንዝር አጥሮት አረፈ! ሰውዬው ጮኸ። አባትህ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እጄ ስቶብኝ ነው» አሉት። ጨርቁን ራሳቸው ገዝተው እንደገና ሰፉለት። አንተ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጠህ ኳስህን በጨርቅ ትጠቀልል ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሱልህም። በነጋታው ደግሞ «ና ያዝልኝ» ብለው ሲጠሩህ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ ብሆን አልጠራህም።»

«ያጠረው ሱሪስ?» አልኩ።

«ለበስከው እኮ! ቡናማውን። አጥብበው፣ አሳጥረው ሰፉልህ።»

ያን ሱሪ እንዴት እረሳዋለሁ! የመጀመሪያው ረጅም ሱሪዬ ነው። የክፍሌ ልጆች ሁሉ ቁምጣ በለበሱበት ጊዜ እኔ ቡናማ ሱሪ ለብሼ ገባሁ። አባቴ ሜትር ጥሩ አድርጌ ስለያዝኩ የሸለሙኝ መስሎኝ ነበር፤ እስከዚያች ቀን እንደዚያ ነበር የማምነው። ለካ ስህተቴን ለብሼ ነው የኮራሁት። ዕንባዬ መጣ፤ ጋሽ አስማማው እንዳላዩ ሆነው መርፌያቸው ላይ ክር መሰካት ያዙ።

እኔ የልጄን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ እየከበብኩ ስንት ማታ እንዳስለቀስኳት አሰብኩ።

ቤዛ ከጓሮ ስትመለስ ጋሽ አስማማው ሰማያዊ አበባ ያለበት ጨርቅ ዘርግተው ጠበቋት። «ለአያ ተሰማ የልጅ ልጅ ቀሚስ እሰፋለሁ። ግን ዓይኔ ደክሟል፤ ቁጥሩን አንቺ አንብቢልኝ» አሏት። ቤዛ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መንገዱ አየሁ።

የሜትሩን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ያዙ፤ እሷ እስከ እጇ አንጓ ዘረጋችው። «ሃምሳ አራት!» አለች። ለቁመቱ ሜትሩን እስከ ባቷ ስባ፣ ባቷ ላይ ያለች ትንሽ ጠባሳ ጋ በጥፍሯ ቆንጥጣ ወደ ዓይኗ አመጣችው። «ዘጠና ስምንት!» ለደረቷ «ሰባ አራት!» ድምፅዋ ከፍ እያለ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁጥር በዚያ ድምፅ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ዘጠና ስምንት? ከትከሻዋ እስከ ባቷ? ወደ ሜትሩ ጠጋ ብዬ አየሁ። ከጋሽ አስማማው አውራ ጣት ሥር የመጣው የመጀመሪያው ቁጥር አሥራ አንድ ነው። ሜትሩ ከአገልግሎት ብዛት ጫፉ አልቆ ተቆርጧል፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር የሉትም! እሳቸው በልማድ በልባቸው አሥር እየቀነሱ ነው የሚሠሩት። አፌን ከፈትኩ።

ጋሽ አስማማው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከዚያ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ጻፉ፤ ሃምሳ አራት፣ ዘጠና ስምንት፣ ሰባ አራት። ልጄ ያለችውን እንዳለ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ካስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ያ ደቂቃ ከበደኝ።

ዓርብ

በጠዋት ስንመጣ ቀሚሱ ተጠናቆ ነበር። ቤዛ ስትለብሰው እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው። ጋሽ አስማማው እያጣጠፉላት «ታድጊበታለሽ» አሉ። የሚከፈል ነገር እንዳላነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ፤ አውቶቡሱ ድረስም ሸኙን።

ቢቸና ላይ አውቶቡሱ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆም እታለም ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ በመስኮት አቀበለችን። እጇን ሰድዳ ልጄን ልትጨብጣት ፈልጋ እጥፋቱ የተፈታ እጅጌ ብቻ ያዘች። «ውይ! እጅሽ የት ገባ?» አለች። ቤዛ ሳቀች። አውቶቡሱ ሲነሣ ግን ሳቋን ትታ እጅጌውን ትመረምር ጀመር።

ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች፤ ቀርጻ ቀርጻ የጨረሰቻት አጭር እርሳስ ናት። ከአንጓዋ እስከ እጅጌው ጫፍ አስቀመጠቻት። ልክ እርሳሷን አከለ። ጎንበስ ብላ ጠባሳዋን ፈለገች፤ ከጠባሳዋ እስከ ቀሚሱ ጫፍ እርሳሷን አስቀመጠች። ቀጥላ ደረቷ ላይ የተረፈውን ጨርቅ ሰብስባ ለካች። ደጀንን አለፍን፣ ቁልቁለቱን ወረድን፣ ድልድዩን ተሻገርን። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ዳቦ እየቆረስኩ መንገድ አያለሁ፤ ላቤ ይወርዳል።

ዳገቱን ስንያያዘው ክንዴን ጨበጠችኝ።

«አባዬ! ሁሉም ጋ እኩል ነው የረዘመው! እጅጌውም፣ ቁመቱም፣ ደረቱም!»

«እ...» አልኩ።

«እኔ ብሳሳት እኮ አንዱ ይረዝም ነበር፣ አንዱ ያጥር ነበር። ስለዚህ እኔ አይደለሁም፤ ሜትሩ ነው! መጀመሪያው የለውም። አሥር ጎድሎታል። ጋሽ አስማማው ሲይዙት አሥራ አንድን አይቼው ነበር፣ ግን አላሰብኩትም።» ትንሽ ቆየችና «ማለት፣ እኔም ትንሽ ተሳስቻለሁ፤ መጀመሪያ ጫፉን ማየት ነበረብኝ» አለች። እጇ ሆዷ ላይ አልነበረም። እጅጌውን እያወዛወዘች ትስቃለች።

ከዚያ ድንገት ዞራ ትክ ብላ አየችኝ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

«እና ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

አሰበችበት። ከዚያ በዚያ ጣት በማይታይበት እጅጌ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ።

«ጎበዝ» አለችኝ።